አዲሱ መድኃኒት ዕጢውን አሳነሰው፤ ዕድሜስ ጨመረ ወይ?

«ለኦቫሪ ካንሰር መድኃኒት ተገኘ» የሚል ዜና በየጥቂት ወሩ ብቅ ይላል። አንዱ ፌስቡክ ላይ ያየውን ሌላው ቴሌግራም ላይ ይለጥፈዋል፣ በርጫም ላይ እራትም ላይ ወሬው እሱ ይሆናል። ድሬዳዋና ሐረር ውስጥ ውጭ አገር ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ጅቡቲ ወይም ሳዑዲ ወይም ካናዳ ያለች እህት ትደውልና «አዲስ መድኃኒት እየተሞከረ ነው አሉ፣ እማዬ እንዳያመልጣት» ትላለች። ጭቅጭቁ ከዚያ ይጀምራል። ገሚሱ «ቤቱም ቢሆን ይሸጥ፣ ትሂድ» ይላል። ገሚሱ «ሰው በእናቱ ላይ መድኃኒት አያስሞክርም» ይላል።

ሁለቱም የሚናገሩት ከፍቅር ነው። ግን ሁለቱም አንድ ነገር ሳይጠይቁ ነው የሚከራከሩት። መድኃኒቱ «ሠራ» የተባለው ምን ስላደረገ ነው? ዕጢውን ስላሳነሰ ነው ወይስ ሴቶቹ ረዘም ላለ ጊዜ ስለኖሩ? ብዙ ጊዜ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። ሁልጊዜ ግን አይሄዱም፣ ትልቁ ውዥንብርም የሚፈጠረው እዚያ ላይ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የምንነጋገረው ስለየትኛው ካንሰር ነው?

በሬዲዮም በጤና ጣቢያም ደጋግመን የምንሰማው የማህፀን በር ካንሰር ነው። እሱ ኤች ፒ ቪ በሚባል ቫይረስ ይመጣል፣ ክትባት አለው፣ ቅድመ ምርመራም አለው። የኦቫሪ ካንሰር ሌላ ነው። ኦቫሪ የሚባሉት ከማህፀን ግራና ቀኝ ያሉት፣ እንቁላል የሚያመርቱት ሁለት ትንንሽ አካላት ናቸው። ለእነሱ ካንሰር ክትባት የለም። ጤነኛ ሴቶችን እየመረመሩ ቀድሞ መያዝም እስካሁን አልተሳካም፤ እንግሊዝ አገር ከ200 ሺህ በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት በ2021 የመጨረሻ ውጤቱን ሲያወጣ፣ በደም ምርመራና በአልትራሳውንድ መከታተሉ የሟቾችን ቁጥር እንዳልቀነሰ ነው ያሳየው።

በ2022 ብቻ በዓለም ላይ ከ320 ሺህ በላይ ሴቶች ላይ ተገኝቷል። ከ200 ሺህ በላይ ሞተውበታል።

ምልክቱም ያታልላል። ሆድ ይነፋል፣ ትንሽ ተበልቶ ይጠገባል፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል። እንዲህ የሚያደርጋት ሴት እኛ ዘንድ መጀመሪያ የምትባለው «ጨጓራ ነው» ነው። ካልሆነ አሜባ፣ ካልሆነ ታይፎይድ። ሆዷ ውኃ ቋጥሮ ሲያብጥ ነው አልትራሳውንድ የምትታዘዘው፣ ያኔ ደግሞ በሽታው ሆድ ውስጥ ተሰራጭቷል።

ለምን ያገረሻል?

የተለመደው ሕክምና ቀዶ ሕክምናና ኬሞ ነው። ኬሞው ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሰል የሚባሉት ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ በየ3 ሳምንቱ ለ6 ዙር ይሰጣሉ። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ይሠራሉ፣ ቤተሰብን የሚያዘናጋውም ይሄ ነው። ስካኑ ንጹሕ ይሆናል፣ ጸጉር መብቀል ይጀምራል፣ «ተመስገን፣ አልሐምዱሊላህ» ይባላል። ነገር ግን በሽታው ከተሰራጨ በኋላ ከተገኘባቸው 10 ሴቶች 7ቱ ላይ ወይም ከዚያ በሚበልጡት ላይ ተመልሶ ይመጣል።

ምክንያቱ ስካን የማያያቸው ሴሎች በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ ተበትነው መቅረታቸው ነው። እነዚህ ኬሞውን ችለው ያለፉ ናቸው። ካርቦፕላቲን በውስጡ ፕላቲነም የሚባል ማዕድን አለው፣ ሴሉን የሚገድለውም ዲኤንኤው ላይ ተጣብቆ እንዳይባዛ በማድረግ ነው። አንዳንዱ ሴል የተጎዳ ዲኤንኤውን መጠገን ይችላል፣ አንዳንዱ መድኃኒቱን መልሶ ወደ ውጭ ያስወጣዋል። ተርፎ የሚራባው እንዲህ ያለው ነው።

ስለዚህ ሐኪሞች መጀመሪያ የሚጠይቁት «ከመጨረሻው ኬሞ ስንት ጊዜ ሆናት?» ብለው ነው። 6 ወር ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ካገረሸ ያው ፕላቲነም ተመልሶ ሊሠራ ይችላል። ከ6 ወር በፊት ከመጣ «ፕላቲነም የማይበግረው» ይሉታል። ጠንከር ያለው ችግር ይሄኛው ነው፤ ለእሱ የሚሰጡት የቆዩ መድኃኒቶች ብዙ ጊዜ በሽታውን ለጥቂት ወራት ብቻ ነው የሚገቱት። አብዛኛው የአዲስ መድኃኒት ሙከራም ወደዚህ ያተኮረው ለዚህ ነው።

ሙከራው እንዴት ይሄዳል?

በሰው ላይ የሚደረግ የመድኃኒት ሙከራ ክሊኒካል ትራያል ይባላል። 3 ዋና ምዕራፎች አሉት። በመጀመሪያው ጥያቄው «ስንት ቢሰጥ ሰውነት ይችላል?» ነው። ጥቂት ሰዎች ይገባሉ፣ መጠኑ በትንሽ በትንሹ ይጨመራል። እዚህ ላይ ለታካሚዋ ጥቅም ማምጣቱ ገና አይታወቅም፣ ይህም በግልጽ ሊነገራት ይገባል። በሁለተኛው መድኃኒቱ ዕጢው ላይ ምን እንደሚያደርግ ይታያል። በሦስተኛው ብዙ መቶ ሴቶች በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ፤ ግማሾቹ አዲሱን ይወስዳሉ፣ ግማሾቹ የተለመደውን።

«በዕጣ» የሚለው ሰውን ያስደነግጣል። «የሰው ሕይወት በዕጣ ይጣላል ወይ?» ይባላል። ግን ሐኪሙ ይምረጥ ቢባል፣ ሳያስበው አዲሱን መድኃኒት ጠንከር ላለችው፣ ለምትበላው፣ ለምትራመደው ሴት ይሰጣል። በኋላ እሷ ረዥም ጊዜ ስትኖር መድኃኒቱ ይሁን ጉልበቷ ማን ይለየዋል? ዕጣው ሁለቱን ቡድኖች አንድ ዓይነት ያደርጋቸዋል። ለዕጣው ሥነ ምግባራዊ መሠረት የሚሰጠውም የትኛው እንደሚሻል ገና በእርግጠኝነት አለመታወቁ ነው፤ ከታወቀማ ዕጣ መጣሉ ራሱ ነውር ነው።

«ምላሽ ሰጠች» ሲባል

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በሁለተኛው ምዕራፍ ዜና ላይ «ከ100 ሴቶች 30ዎቹ ምላሽ ሰጡ» ተብሎ ይጻፋል። ይህ ቁጥር የሚወጣው ከሲቲ ስካን ላይ በሚለካ ሚሊሜትር ነው። እንበል አንዲት ሴት ሁለት ዕጢ አለባት፤ አንዱ 50፣ ሌላው 30 ሚሊሜትር። ድምሩ 80። ከሁለት ወር በኋላ ድምሩ 54 ከሆነ ከ30 በመቶ በላይ ቀንሷልና «በከፊል ምላሽ ሰጠች» ተብላ ትመዘገባለች። 60 ላይ ቢቆም ግን የቀነሰው 25 በመቶ ነው፤ ስለዚህ ዕጢው አንሶም ቢሆን «ባለበት ቆመ» ነው የሚባለው። በሌላ በኩል፣ ከደረሰበት ዝቅተኛ ልክ ተነስቶ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ሲያድግ «በሽታው ቀጠለ» ይባላል፣ መድኃኒቱም አብዛኛውን ጊዜ ይቆማል።

በዚህ ልኬት ውስጥ ሴትየዋ ምን ያህል ጊዜ ኖረች የሚል ነገር የለም። እንቅልፍ አገኘች ወይ፣ ልጆቿን አቅፋ ቁጭ ማለት ቻለች ወይ የሚልም የለም። ልኬቱ ፍንጭ ነው፣ ጥሩ ፍንጭ። ከዚያ ግን አያልፍም።

አንድ መድኃኒት፣ መጀመሪያ ወድቆ በኋላ ያለፈ

ሚርቬቱክሲማብ ሶራቭታንሲን የሚባል መድኃኒት አለ። አሠራሩ አድራሻ እንደተጻፈበት ፖስታ ነው፤ ውስጡ ኃይለኛ መርዝ ይዟል፣ የሚደርሰው ግን ፎሌት ሪሴፕተር አልፋ የሚባል ፕሮቲን ላያቸው ላይ ወዳለባቸው ሴሎች ነው። ብዙ የኦቫሪ ካንሰር ሴሎች ይህ ፕሮቲን አላቸው።

የመጀመሪያው ትልቅ የሦስተኛ ምዕራፍ ሙከራ በ2019 ከሸፈ። ከተለመደው ኬሞ የተሻለ መሆኑን ማሳየት አልቻለም። ተመራማሪዎቹ ወደኋላ ሄደው ሲያዩት ሴቶቹ የተመረጡበት መስፈርት ላላ ያለ ነበር፤ ፕሮቲኑ ብዙም የሌላቸው ሴቶችም ገብተዋል። መስፈርቱ ጠበቅ ተደረገና እንደገና ተሞከረ። ከመቶ ትንሽ በሚበልጡ ሴቶች ላይ፣ ያለ ማነጻጸሪያ ቡድን በተደረገ ጥናት ከ3 አንዷ ገደማ ምላሽ ስለሰጠች፣ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ በኅዳር ወር 2022 የተፋጠነ ፈቃድ ሰጠው። የተፋጠነ ማለት «አሁን ተጠቀሙበት፣ ነገር ግን ታካሚዋን በእርግጥ መጥቀሙን በኋላ አረጋግጡልኝ» እንደማለት ነው።

ማረጋገጫው ሚራሶል የሚባለው ሙከራ ነው። 453 ሴቶች በዕጣ ተከፈሉ፣ ሁሉም ፕላቲነም የማይበግረው ካንሰር ያለባቸው። ሙከራው ውስጥ ከገቡ በኋላ አዲሱን የወሰዱት የኖሩት መካከለኛ ጊዜ 16.46 ወር፣ ኬሞ የወሰዱት 12.75 ወር ሆነ። መካከለኛ ማለት ግማሾቹ ከዚያ ባነሰ፣ ግማሾቹ ከዚያ በበለጠ ጊዜ ኖረዋል ማለት ነው፤ ለአንዲት ሴት የተቆረጠላት ቀን ተደርጎ እንዳይወሰድ። መድኃኒቱ በ2024 ሙሉ ፈቃድ አገኘ።

ዜናው እንዴት እንደሚጻፍ ደግሞ ተመልከቱ። ከዚሁ ሙከራ «የሞት አደጋን በ33 በመቶ ቀነሰ» ብሎ መጻፍ ይቻላል፣ እውነት ነው። «በመካከለኛ ስሌት 4 ወር የማይሞላ ዕድሜ ጨመረ» ብሎ መጻፍም ይቻላል፣ እሱም እውነት ነው። የመጀመሪያውን ብቻ የሰማ ቤቱን ይሸጣል። ሁለተኛውን ብቻ የሰማ «ለዚህ ነው እንዴ?» ይላል። እኔ በበኩሌ ሁለቱም ቁጥሮች ለታካሚዋና ለቤተሰቧ እኩል ሊነገሩ ይገባል ባይ ነኝ፣ አንዱን ደብቆ ሌላውን መንገር ውሳኔውን ከእጃቸው መንጠቅ ነው።

የጎንዮሽ ጉዳቱም ከኬሞ የተለየ ነው። ጸጉር የመርገፉና ደም የማነሱ ነገር ቀለል ይላል። ዓይን ግን ይጎዳል፤ ከ10 ሴቶች 4 ገደማ ዓይናቸው ብዥ ብሎባቸዋል። አብዛኛው በዓይን ጠብታና መድኃኒቱን ለጊዜው በማቆም ይሻሻላል፣ ነገር ግን ከመጀመሯ በፊትም እየወሰደች ሳለም የዓይን ሐኪም ሊያያት ግድ ነው። በድሬ ፀሐይና አቧራ ለሚውል ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ዕጢው አንሶ ዕድሜ ሲያጥር

የኦላፓሪብ ታሪክ ደግሞ ተቃራኒውን ያሳያል። ይህ ኪኒን ብራካ በሚባሉት ዘረመሎች ላይ ጉድለት ላለባቸው ሴቶች ነው። በ2014 አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ 3ና ከዚያ በላይ የተለያየ የኬሞ ሕክምና ወስደው ላገረሸባቸው ነበር፣ ምክንያቱም ዕጢያቸው አንሶ ታየ። በኋላ በዕጣ የተነጻጸረው ጥናት ዕድሜን ሲቆጥር፣ ቀደም ሲል 3ና ከዚያ በላይ ሕክምና ከወሰዱት መካከል ኦላፓሪብ የተሰጣቸው 29.9 ወር፣ ኬሞ የተሰጣቸው 39.4 ወር መካከለኛ ዕድሜ አገኙ። የሴቶቹ ቁጥር ትንሽ ስለነበር በዕድል የመጣ ልዩነት ሊሆን ይችላል። ሆኖም ሴቶችን አደጋ ላይ መጣል አይገባም ተብሎ በ2022 ኩባንያው ራሱ ያንን ፈቃድ መለሰ። ተመሳሳይ መድኃኒቶችም ላገረሸ ካንሰር የነበራቸው እንዲህ ያለ ፈቃድ በዚያው ዓመት ተነሣ።

ይህን ሰምቶ «ኦላፓሪብ መርዝ ነው» ማለት ደግሞ ሌላ ስህተት ነው። ያው መድኃኒት የብራካ ጉድለት ላለባቸው ሴቶች ገና ከመጀመሪያው ኬሞ በኋላ ሲሰጥ፣ ከ7 ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት 67 በመቶ ሲሆኑ ማስመሰያ፣ ማለትም መድኃኒት የሌለበት ኪኒን የወሰዱት 46.5 በመቶ ነበሩ። በዚህ በሽታ ትልቅ ውጤት ነው። ጊዜው ሲለያይ ውጤቱም ተለየ።

ታዲያ ዕድሜ እስኪቆጠር ይጠበቅ?

እዚህ ላይ ባለሙያዎቹ ራሳቸው አይስማሙም። አንደኛው ወገን «ያገረሸባት ሴት ዓመታት የላትም፣ ዕጢ የሚያሳንስ ነገር ከተገኘ ይሰጣት» ይላል። ደካማ ክርክር አይደለም። ቤቫሲዙማብ የሚባለው መድኃኒት ከኬሞ ጋር ሲሰጥ፣ በሽታው ሳይባባስ የሚቆይበትን ጊዜ ከ3.4 ወደ 6.7 ወር አድርሶታል፤ ዕድሜን ስለማርዘሙ ግን ግልጽ ማስረጃ አልተገኘም። ነገር ግን የሆድ ሕመማቸውና መነፋቱ በግልጽ የቀለለላቸው ሴቶች 21.9 በመቶ ሆኑ፣ ኬሞ ብቻ ከወሰዱት ግን 9.3 በመቶ ብቻ። ሆዷ ውኃ እየቋጠረ በየሳምንቱ በመርፌ ለሚቀዳላት ሴት ይህ ብቻውን ዋጋ አለው።

ሌላኛው ወገን የኦላፓሪብን ታሪክ ያነሣል። «ሳይረጋገጥ በተሰጠ መድኃኒት ሴቶች ጊዜያቸውን አጥተው ይሆናል» ይላል። እኔ ወደዚህኛው አዘነብላለሁ፤ በተለይ ከራስ ኪስ በሚከፈልበት አገር። መንግሥት ወይም ኢንሹራንስ በሚከፍልበት አገር ያልተረጋገጠ ተስፋ ጤናን ሊጎዳ ይችላል። እኛ ዘንድ ግን ጤናንም ቤትንም የልጆች ትምህርትንም ነው ይዞ የሚሄደው።

«መሞከሪያ አደረጉን»

ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ1996 ናይጄሪያ፣ ካኖ ውስጥ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ሲነሣ ፋይዘር የሚባለው መድኃኒት አምራች ኩባንያ ትሮቫን የሚባል መድኃኒት 200 ገደማ ሕፃናት ባሉበት ሙከራ ላይ አዋለ። ከሁለቱም ቡድን በድምሩ 11 ሕፃናት ሞቱ። ኩባንያው ሞቱ የመጣው ከበሽታው ነው አለ፤ ወላጆች ግን ሙከራ መሆኑን በትክክል አልተነገረንም አሉ። ነገሩ ዓመታት ከፈጀ ክርክር በኋላ በ2009 ከካኖ ግዛት ጋር በስምምነት ተዘጋ። አፍሪካ ውስጥ ስለ መድኃኒት ሙከራ ሲወራ ይህ የሚነሣው በምክንያት ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። ኤች አይ ቪም ካላዛርም አብረው ላሉባቸው ሰዎች የትኛው ሕክምና ይሻላል የሚለው የተፈተሸው እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ጎንደርና አብዱራፊ ላይ ነው። በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያውን ሲቀይር ከተመረኮዘባቸው ጥናቶች አንዱ እሱ ነው። ሙከራ ሁሉ በደል ቢሆን ኖሮ እነዚያ ታካሚዎች ዛሬም የቀድሞውን ሕክምና ነበር የሚወስዱት።

ልዩነቱን የሚያመጣው የስምምነት ቅጹና ቁጥጥሩ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የመድኃኒት ሙከራ ለማድረግ የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ይሁንታና የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። ቅጹ ደግሞ ታካሚዋ በምትሰማው ቋንቋ መሆን አለበት። ሐረርና ድሬ አንድ ክፍል ውስጥ ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ሶማሊኛና ሐረሪ ተናጋሪ ጎን ለጎን ነው የሚተኛው። በአማርኛ ብቻ ተጽፎ ልጅ እያስተረጎመላት የምትፈርም እናት ተስማማች ለማለት ይከብዳል፣ ልጅ እናቱን የሚያስደነግጠውን ቃል ይዘላልና።

ቅጹ ላይ በደንብ መነበብ ያለበት፦ ከሙከራው በማንኛውም ሰዓት መውጣት እንደምትችል፣ ብትወጣ መደበኛ ሕክምናዋ እንደማይቋረጥ፣ ጉዳት ቢደርስባት ማን እንደሚያሳክማት፣ መድኃኒቱ ቢሠራላት ሙከራው ሲያልቅ መውሰዷን ትቀጥል እንደሆነ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል። የሄልሲንኪ መግለጫ የሚባለው፣ ሐኪሞች በ1964 የተስማሙበትና በየጊዜው የሚታደሰው የሥነ ምግባር ሰነድ፣ ይህ ጉዳይ ሙከራው ሳይጀመር እንዲወሰን ይጠይቃል።

«ስኳር ሰጥተው ያታልሏት ይሆን?» የሚለውም ይነሣል። ፕላሴቦ፣ ማለትም ማስመሰያ መድኃኒት፣ አንዳንድ ሙከራ ውስጥ አለ፤ ኬሞ ጨርሰው በክትትል ላይ ባሉ ሴቶች ላይ፣ ወይም ከእውነተኛው ሕክምና ላይ ተጨምሮ። የሚሠራ ሕክምና እያለ በማስመሰያ ብቻ መተው ግን አይፈቀድም። ሚራሶል ውስጥ ዕጣው አዲሱን ያልሰጣቸው ሴቶች እውነተኛ ኬሞ ነው የወሰዱት።

ከዚህ ሲታይ

እነዚህ ሙከራዎች የሚቀበሉት ኩላሊቷና ጉበቷ ደህና የሆነች፣ ራሷን ችላ የምትንቀሳቀስ ሴት ነው። ከአልጋ የማትነሳ ሴት አብዛኛውን ጊዜ አትገባም፣ ገንዘብም ይህን አይቀይረውም። ስለዚህ ቤት ከመሸጡ በፊት የሙከራው መግቢያ መስፈርት ይጠየቅ፤ ዘመድ ኢሜይል ልኮ በጥቂት ቀናት ሊያውቀው ይችላል። ሙከራው በየ3 ሳምንቱ መመላለስ፣ ለወራት እዚያው መቀመጥ ይጠይቃል፣ ቪዛውም ሌላ ራስ ምታት ነው። መድኃኒቱ ራሱ በተለመደው አሠራር ነፃ ነው። «ክፈሉና ሙከራ ውስጥ ላስገባችሁ» የሚል ደላላ ከመጣ ወሬውን እዚያው ላይ ማቆም ነው። ትክክለኛ ሙከራ በአደባባይ ይመዘገባል፤ በአሜሪካው መዝገብ ላይ ያለው ለምሳሌ ኤንሲቲ ከሚሉ ፊደላት ቀጥሎ 8 አሃዝ ያለው ቁጥር አለው። ቁጥሩን መስጠት ያልፈለገ ሰው አይታመንም።

የምትወስደው ነገርም ሁሉ ለሐኪሙ ይነገር። ጥቁር አዝሙዱም፣ ከማር ጋር የሚወሰደው ቅጠልም፣ ጫትም። ማንም ሊቆጣት አይገባም፤ ከአዲሱ መድኃኒት ጋር ምን እንደሚያደርግ ሳይታወቅ ጉበቷ ቢጎዳ ግን ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይለይም።

ሌላው ከእጃችን የሚያመልጠው የናሙናው ነገር ነው። በቀዶ ሕክምና የወጣው ሥጋ ቁራጭ በሰም ውስጥ ተቀብሮ ብሎክ በሚባል መልኩ ፓቶሎጂ ላብራቶሪ ውስጥ ይቀመጣል። አውራ ጣት ጥፍር የምታህል ነገር ናት። ፎሌት ሪሴፕተሩ የሚመረመረው ከእሷ ላይ ነው፣ ያለ እሷ ስለ ሚርቬቱክሲማብ ማውራት ራሱ አይቻልም። እኛ ዘንድ አንዲት ሴት ድሬዳዋ ላይ አልትራሳውንድ ተነሥታ፣ ደንገጎን ወጥታ ሐረር ሕይወት ፋና የካንሰር ክፍል ትታያለች፣ ናሙናዋ አዲስ አበባ ሊላክ ይችላል። በሽታው ከሁለት ዓመት በኋላ ሲያገረሽ ብሎኩ የት እንዳለ ቤት ውስጥ የሚያውቅ አይገኝም፤ የተረፈው «ካንሰር ነው» የሚል የቃል ወሬና ግማሹ የተቀደደ ወረቀት ነው። ስለዚህ ገና ቀዶ ሕክምናው እንዳለቀ የፓቶሎጂውን ውጤት በጽሑፍ ተቀበሉ፣ ፎቶ አንሥታችሁ ሁለት ሰው ስልክ ላይ አስቀምጡ። የላብራቶሪውን ስምና የናሙናውን ቁጥር ጻፉ። ብሎኩን ስንት ዓመት እንደሚያቆዩትና ሲያስፈልግ ማን ፈርሞ እንደሚወስደው እዚያው ጠይቁ። የመጨረሻው ኬሞ የተሰጠበትን ቀንም ከጎኑ አስፍሩ፤ ሲያገረሽ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።